የጀማሪ ዳቦ

ኅዳር ነው። ጠባሴ ሜዳ ላይ አመዳይ ነጭ አንጥፏል፤
የቧንቧችን ጉሮሮ እስከ ሦስት ሰዓት በርዶ ተዘግቷል።
እጅጋየሁ ባለቤቴ፣ እርጥብ ድንጋይ አዳልጧት፣
ቀኝ እጇን ሐኪም በጀሶ እስከ ክርኗ አስሮላት፣
አልጋው ጠርዝ ተቀምጣለች። ስሟ እንኳ ሲጀምር በእጅ፣
ስድስት ሳምንት ያለ እጅ!
እኔም በስተርጅና አንድ ጀማሪ፣ የወጥ ቤት ልጅ።

ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሃያ ስምንት ዓመት ሸምኛለሁ፤
ክር ሲላላ በጣቴ፣ ሲበጠስ በጆሮዬ እለያለሁ፤
ሊጥ ግን በየት በኩል እንደሚያዝ ገና ዛሬ እጠይቃለሁ።

«ዱቄቱን ንፋው» አለችኝ። ነፋሁት። ጢሜ ነጣ።
«አሁን መሐሉን ጎድጉደው፤ እርሾውን ከጣሳው አምጣ፤
ለብ ባለ ውሃ በጥብጠው።»
«ለብ ማለት ምን ያህል ነው?» አልኳት ጣቴን አቃጥዬ፤
«ሕፃን የሚታጠብበት ያህል ነዋ፣ አንተዬ!»

ከዚያ ሁለታችንም ዝም። ሕፃን አጥበን አናውቅማ።
ከጣራው ቆርቆሮ የቀለጠ ውርጭ ጠብ ሲል ተሰማ።
አዝሙድ በተንኩ ፈጠን ብዬ፣ ዝምታው ሲሆንብኝ ጭንቅ፤
ሌላም ያለችኝ ነገር ነበር፤ ምን እንደሆነ እንጃ፣ አላውቅ።

ማቡካት ስጀምር ሊጡ ያዘኝ እንደ አበዳሪ፤
ላብ ወረደ ካንገቴ ሥር፤ «ሳቂብኝ፣ አትፈሪ!»
ሳቀች። «ዱቄት አትደርብ፤ የፈራ ነው የሚደርብ፤
በመዳፍህ ሥር ግፋው፣ እጠፈው፣ ደግሞ ግፋው በደንብ፤
የጆሮ ጫፍ ሲመስል ተወው፤ ያኔ ይበቃዋል።»
የኔን ጆሮ ዳሰስኩ፤ ውርጩ ቆዳ አድርጎታል፤
ሄጄ የሷን ዳሰስኩት።
ልክ ነች። ይለሰልሳል።

ሸፈንኩት። ጠበቅሁ። ስድስት ሰዓት፣ ሰባት፣ ስምንት፤
ከፍቼ ባየው ያው ነው፤ ተኝቷል ልክ እንደ ሙት።
«አትክፈተው!» ትለኛለች። ዞር ስትል እከፍታለሁ።
«ሸዋ ሮቢት ቢሆን» አለች፣ «እስካሁን ሞልቶ ይፈስ ነበር፤
እዚህ ግን ነፋሱ ገብቶ ይጨብጠዋል ከበር።»

ባለ መስመሩን ብርድ ልብስ ከሣጥን አወጣሁና
(ጡረታ ስወጣ የሰጡኝ፣ የገዛ እጄ ሥራ ነውና)
ሳፋውን ጠቅልዬ እንዳራስ፣ በመሐላችን አስተኛሁና
መብራቱን አጠፋሁ።

ሌሊት አንድ ነገር ሲተነፍስ ሰማሁ፤ እሷ መሰለችኝ፤
እሷም ነቅታ ኖሮ «አንተ ነህ?» ብላ ጠየቀችኝ።
እጃችንን ሰደድን ሁለታችን፣ በጨለማ፣ ካንድ ቦታ፤
ጨርቁ ከፍ ብሎ ነበር፤ ሞቅ ብሎ፣ በቀስታ።

ጠዋት ኮባ ከገበያ፤ ቅጠሉ ከቆላ የመጣ ነው፤
ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት፤ የድፎ ፍርዱ ይኸው ነው።
ይህን አባባል ለስንቱ ችግር ስተርት ኖሬ፣
ሙቀቱ ፊቴን ሲገርፈኝ ትርጉሙ ገባኝ ዛሬ።

ወጣ። ሥሩ ጠቁሯል፤ ባንድ ጎኑ አዘንብሏል፤
መሐሉ እንደ በሬሳ ጭቃ በበጋ ተሰንጥቋል፤
ግን ዳቦ ነው። አንኳኳሁት፤ እንደ ከበሮ መልሷል።

«ባርከህ ቁረስ» አለችኝ። «የጋገረ አይቆርስም» አልኩ፤
በግራ እጇ ስትታገል ሰፌዱን አጥብቄ ያዝኩ።
አንድ በላች። ሁለት በላች። ሦስተኛውን አነሣች፤
«ሙያ ነው እኮ!» እያለች ፍርፋሪውን ለቀመች።

የጎረቤት ልጅ ቃልአብ ገባ፤ ቁራሽ ሰጠሁት፤ ጎረሰ፤
አኝኮ አኝኮ ቆመና ዐይኑን ወደኔ መለሰ፤
«ጋሼ፣ ጨው የለውም» አለ።
ቤቱ እንዳለ ጸጥ አለ።

የጨው ዕቃው መደርደሪያው ላይ፣ ክዳኑ እንኳ አልተነካም።
እሷን አየኋት፤ እሷ ግን ጀሶዋን እንጂ እኔን አታይም።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «ዛሬ በዛ»፣ «ዛሬ አነሰ»
እያልኩ ሰሐን የገፋሁበት እጅ፣ ዱቄቱን እንደለበሰ፣
ጉልበቴ ላይ ወርዶ ተቀመጠ።

«ጨው ሲረሳ» አለች ቆይታ፣ «ሊጥ ከወትሮው ቶሎ ይነሣል፤
ለዚህ ነው ሌሊት ከፍ ያለልን። ለእርሾስ አስቀርተሃል?»

አላስቀረሁም።
ኩባያ ይዤ ወጣሁ ወደ ቃልአብ እናት ደጅ፣
አንገቴን ደፍቼ፣ እርሾ ልበደር፣ እንደ ተላከ ልጅ።